የአጋዥ መጽሐፍ መራጭ ኮሚቴና የጠረጴዛው እግር

«እኔኮ የመጣሁት መሰላሌን ልወስድ ነው» አልኩ በሩ ላይ ቆሜ።

«ሦስተኛው አባል በሰዓቱ ተገኝተዋል» አሉ ጎረቤቴ፣ ከሚጽፉበት መዝገብ ቀና ሳይሉ። «ይቀመጡ።»

ሹመት መቼም አንኳኩቶ አይመጣም። ቤት ቀቢው እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ደብተር ያልገለጥኩት፣ ልጃቸው ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የምታጠናበትን አጋዥ መጽሐፍ የሚመርጠው ኮሚቴ አባል ሆኜ አረፍኩት። ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። ጠረጴዛው ላይ ከዘመድ ከወዳጅ የተሰበሰቡ ሰባት መጻሕፍት ተደርድረዋል።

ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ ምስማር እንኳ ሳያስመረምሩ ያላስገቡ ጥንቁቅ ሰው ናቸው።

ልጅቷ እጇን ወደ አንዱ መጽሐፍ ስትሰድ በማስመሪያ መለሷት።

«አባዬ፣ አንዱን ልጀምራ!»

«ያልጸደቀ ንብረት ከግምጃ ቤት አይወጣም!»

ምርመራው በባለሙያ ተካሄደ። ሰብሳቢው ጎረቤቴ መጻሕፍቱን በኩሽና ሚዛን መዘኑ። ሁለተኛዋ አባል፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቷ፣ የጥራዙን ስፌት ጎተት ጎተት አድርገው «ይሄ ክሩ ልል ነው፣ ሐኪም አያወጣም» አሉ። እኔም አባል ሆኖ ዝም ማለት ነውር ነውና፣ አረንጓዴው ሽፋን አንድ እጅ ቀለም እንደሚቀረው አስታወቅሁ። ተመዘገበልኝ።

«ውስጡንስ ማን ያየዋል?» አለች ልጅቷ።

«ውስጡ ራሱን የቻለ አጀንዳ ነው» አሉ ሰብሳቢው።

ሰባተኛው ሽፋኑ ተገንጥሎ የወደቀ ነበር። ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ምን ቁም ነገር ይኖረዋል? በሙሉ ድምፅ ውድቅ ተደርጎ በአጭሩ የጠረጴዛ እግር ሥር ተወተፈ። ስድስቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። የኔ መሰላል «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ።

ከሦስተኛው ስብሰባ ጀምሮ ጠረጴዛው ይንገዳገድ ያዘ። ሰብሳቢው ወለሉን ጠረጠሩ፤ አክስት የኔን ክርን። ጎንበስ ብሎ ማየት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የአባላቱን ወገብ ግምት ውስጥ በማስገባት ሳይጸድቅ ቀረ። ነገሩ ብቻውን አራት ስብሰባ በላ። የፈተናው ቀን ግን አጀንዳ ስላልተያዘለት ማንም አላነሳውም።

በአምስተኛው ወር ሁለት ኪሎ ከሩብ የሚመዝነው ቀዩ መጽሐፍ አሸነፈ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። «ትዕግሥት ፍሬዋን አፈራች! ከዛሬ ጀምሮ ልጃችን በይፋ ማጥናት...»

ልጅቷ ፖስታ ይዛ ገባች። «ለጥርስ ሕክምናው ተቀብለውኛል። ሰኞ ትምህርት እጀምራለሁ።»

አክስት እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ሰብሳቢውን አዩና መልሰው ገጠሙት።

«መቼ ተፈተንሽ?»

«ሁለት ወር አለፈው።»

«በምን አጥንተሽ? ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ አይደለም እንዴ!» ብለው ጠረጴዛውን ቢመቱት፣ አዘንብሎ ቀዩን መጽሐፍ እግራቸው ላይ ጣለው።

ልጅቷ አንስታ አቀበለቻቸው።

«አባዬ፣ ይሄ ጠረጴዛ መንገዳገድ የጀመረው መቼ ነበር?»