ፕሮግራም ለፕሮግራም ሲታዘዝ

እጃቸውን አጣጥፈው፣ ሥራው በራሱ ሲሠራ ማየት የሚወዱ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ። ቡራዩ ውስጥ እሠራበት የነበረው የቅየሳ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ታደሰ ነው። “ሰው ለምን ይደክማል?” አለና፣ የካርታው ፕሮግራም ትእዛዝ ሲልክ የደብዳቤው ፕሮግራም ሰምቶ እንዲፈጽም አደረገው። ካርታው ላይ መስመር ከተነካ ደብዳቤ ይታተማል። እኛም አጨበጨብንለት፤ ምን እናድርግ?

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ መንገድ በዘጋበት ሰሞን፣ ታደሰ ለሙከራ አንዱን መስመር ገፋ አደረገው። ወዲያው “ማሳዎ ለልማት ስለሚፈለግ በአስቸኳይ ይልቀቁ” የሚል ደብዳቤ ታተመ። ጸሐፊያችን እውነት መስሏት ማኅተም መትታ ላከችው።

በማግስቱ ደብዳቤው የደረሳቸው ሽማግሌ ገበሬ፣ ኦቦ ጉታ፣ ወረቀቱን ይዘው መጡ። “አካም ቡልተን” ብለው ሰላምታ ከሰጡን በኋላ፣

“ይህን ማን ጻፈው?” አሉ።

“ፕሮግራሙ ነው፣ ኦቦ ጉታ” አለ ታደሰ።

“እሱንስ ማን አዘዘው?”

“ሌላ ፕሮግራም።”

“ሁለቱ ስለ እኔ መሬት ሲነጋገሩ፣ እኔን የጠራኝ ማን ነው?”

ታደሰ ወረቀቱን ተቀበላቸው። ደብዳቤውን ቀድዶ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው እንደወጡም ፕሮግራሙ ከማተሙ በፊት “ባለመሬቱን ጠይቃችኋል?” እንዲል አደረገው። “አልጠየቅንም” ካሉት አያትምም።

ሥራ አስኪያጃችን ይህን ሲያዩ ተቆጡ። “ሥራ ያጓትታል፤ አሁኑኑ አጥፋው!”

ያ የኮምፒውተር ሊቅ ጥቂት ቆይቶ መጣና አንገቱን ደፍቶ፣ “ጋሼ፣ ሞክሬ ነበር፤ ማጥፋቱ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ” አላቸው።