በድምፅ ብልጫ የተቆጠሩ ጎሎች

ታሪክ የሌለው ክለብ ኳስ ከማንከባለል ያለፈ ቁም ነገር የለውም። ኳስ ማንከባለል ደግሞ ድመትም ትችልበታለች። ስለዚህ በባዕድ አገር፣ ከከተማ አውቶቡሶች ማደሪያ ጀርባ ባለች አንዲት ሜዳ ላይ፣ ዘወትር እሑድ ከጧቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሲሸነፍ ሃያ ሁለት ዓመት ያስቆጠረው የወገኖቻችን የእግር ኳስ ክለብ ታሪኩን በመጽሐፍ ለማውጣት መወሰኑ ሊያስደንቀን አይገባም። የሚያስደንቀው እስከዚያ ድረስ መታገሡ ነው።

ክለቡ አሥራ አራት ተጫዋቾች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አንዱ የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ አባላት ሲሆኑ የቀሩት ሦስቱ ሰፊው አባል ይባላሉ። ሥራ አስፈፃሚው ይመራል፤ ሰፊው አባል ኳስ ያመጣል፣ መረብ ይሰቅላል፣ ይሮጣል። ክለቡ ስልሳ ሦስት አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብም አለው። ሌሎች ክለቦች ዋንጫ በሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ላይ እነዚህ ሰዎች ደንባቸውን በፕላስቲክ ሸፍነው አስቀምጠዋል። በአንቀጽ ሰባት መሠረት ሊቀመንበሩ በፊት አጥቂነት ይሰለፋሉ፤ በሥራ ዘመናቸው በሌላ ተጫዋች አይቀየሩም። በአንቀጽ ስምንት መሠረት ደግሞ ሊቀመንበሩ በሜዳ ላይ እያሉ የሥራ ዘመናቸው አያልቅም። ይህ እንግዲህ የሕግ ጥበብ ነው፤ ፓርላማ ያላቸው አገሮች እንኳ ያልደረሱበት።

ሊቀመንበሩ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በሥራ ቀን የአንድ ትልቅ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በተጋጣሚ ቡድን የፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ። ኳስ ወደ እሳቸው ትመጣለች እንጂ እሳቸው ወደ ኳስ አይሄዱም። በአንድ ወቅት አሠልጣኝ የነበረ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሰባኛው ደቂቃ ላይ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ትንሽ አረፍ ቢሉስ?» ቢላቸው፣ በሚቀጥለው ሰኞ በመፈንቅለ ሥልጣን ሙከራ ተከሶ ዕድሜ ልክ ታግዷል። ከዚያ ወዲህ ክለቡ አሠልጣኝ ኖሮት አያውቅም። ሰላምም ሰፍኗል።

ከሰፊው አባል አንዱ በረኛው ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሙን አጥርቶ የሚጠራ ስለሌለ በሚነዳው መስመር ቁጥር «አርባ ሰባት» ይሉታል። ስድስት ቀን አርባ ሰባት ሆኖ ይውላል። እሑድ ግን ገና አራት ሰዓት ከመሙላቱ አንዱ ከማዶ «አንተ በረኛ፣ ዓይንህ የት ነው ያለው!» ብሎ በገዛ ቋንቋው ሲሰድበው ሰው ይሆናል። የሜዳውን ቁልፍ ከማዘጋጃ ቤት የሚያወጣው እሱ ነው። የክለቡን ጎሎች በሙሉ የሚያውቃቸውም እሱ ነው፤ አብዛኞቹ በእሱ በኩል አልፈዋልና።

ሜዳዋ የተሰጠቻቸው በነፃ ነው። ከተማው ለጀማሪዎችና አቅማቸው ደካማ ለሆነ ቡድኖች ሁሉ ብሎ የለያት አንዲት ሜዳ ናት። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ፈቃዷ ይታደሳል፤ ለማደስም ስለ ቡድኑ ሁኔታ አጭር ሪፖርት ማቅረብ ያስፈልጋል። የዘንድሮው ማሳሰቢያ ሲደርስ በረኛው ሥራ አለብኝ ሳይል በአውቶቡሱ የእረፍት ደቂቃ ግማሽ ገጽ ጽፎ ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረበ።

ጠቅላላ ጉባኤው የሚካሄደው ሰኞ ሰኞ፣ ከአባላቱ የአንዱ በሆነው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ በሚሽከረከረው ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ግራና ቀኙ መስተዋት ስለሆነ ሰው ሲጎድል ምልዓተ ጉባኤው በመስተዋቱ ይሟላል። የዚያን ዕለት ግን ሁሉም ተገኝቶ ነበር።

«አንብበው እስቲ» አሉ ሊቀመንበሩ።

በረኛው አነበበ። «ዕድሜያችን ገፍቷል። ብዙም አንችልም። ባለፉት አራት ዓመታት ሦስት ጊዜ አሸንፈናል፤ አንዱን ያሸነፍነው ተጋጣሚዎቻችን መንገድ ጠፍቷቸው ስላልመጡ ነው። ነገር ግን በዝናብም በብርድም አንድ እሑድ ቀርተን አናውቅም። ሜዳውን እንዳትወስዱብን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ሊቀመንበሩ ወንበሩን ቀስ ብለው ወደ በረኛው አዞሩት።

«‹ብዙም አንችልም›? ይኼን ነው ለባዕድ የምትሰጠው?»

«ጋሼ፣ ሜዳው እኮ ለማይችሉ ነው። ፎርሙ ላይ ተጽፏል።»

«ማነው የማይችለው?»

አሥራ ሁለት ሰዎች ጫማቸውን መመርመር ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ ነው ጸሐፊው እጁን ያነሣው። ጸሐፊው የተማረ ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ የተጀመረ ዶክትሬት አለው። «የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ክቡራን አባላት፣» አለ፤ «የክለባችን የታሪክ መጽሐፍ ረቂቅ ተጠናቋል። ከሁለንተናዊ ገጽታ ግንባታ አንፃር ይኸው መጽሐፍ እንደ ሪፖርት እንዲቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ። የቀረው የውጤቶቹ መጽደቅ ብቻ ነው።»

«ውጤት ምን ይጸድቃል?» አለ በረኛው። «ጨዋታው አልቋል አይደል እንዴ?»

«ጨዋታው ያለቀው ሜዳ ላይ ነው» አለ ጸሐፊው በትዕግሥት። «በታሪክ ገና ነው።»

ከዚያም የምሥረታው ግጥሚያ ውጤት ለውይይት ቀረበ።

«ሰባት ለባዶ ነው የተሸነፍነው» አለ በረኛው።

«ማስረጃ?»

«ምን ማስረጃ አለው? አንድ በአንድ ከመረብ እየለቀምኩ ያወጣኋቸው እኔ አይደለሁም እንዴ!»

«የዓይን ምስክር» አለ ጸሐፊው ወደ ጉባኤው ዞሮ፤ «ለታሪክ ሰው ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። በስሜት ይናገራል።»

ሁለቱ ጎሎች ኦፍሳይድ መሆናቸው በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ሌሎቹ ሁለቱ በነፋስ ኃይል የገቡ ስለሆኑ፣ ነፋስም በተጋጣሚው ቡድን ዝርዝር ውስጥ ያልተመዘገበ ተጫዋች በመሆኑ ተሰረዙ። አንዱ በረኛው የጫማውን ክር ሲያስር የገባ ነውና ከስፖርታዊ ጨዋነት ውጪ ነው ተባለ። ሁለት ቀሩ። ይህን ጊዜ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም የዚያን ቀን አንድ ያገባሁ ይመስለኛል።»

«አንተ?» አለ በረኛው። «አንተ እኮ ያኔ ገና ወደዚህ አገር አልመጣህም!»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የባለቤቴ ወንድም መጽሐፉን እየጠበቀ ነው። ለአማቾቼ ስንት ዓመት ሙሉ ኳስ ተጫዋች ነኝ ስላቸው ኖሬያለሁ። እባካችሁ ወንድሞቼ፣ አንዲት ጎል ናት። ምን ትጎዳችኋለች?»

የሰው ችግር የሚገባው ጉባኤ ነው፤ ጎሏ ተሰጠችው። ለሊቀመንበሩ ሦስት ጎል በጭብጨባ ጸደቀ። ጸሐፊው አራት ለሁለት ብሎ ሊጽፍ ሲል ሊቀመንበሩ ቅንድባቸውን አነሡ።

«ሁለቱ ለምን አስፈለጉ?»

«ለተዓማኒነት ነው ጋሼ።»

«ተዓማኒነት በአንድም ይበቃል።»

አራት ለአንድ ሆነ። በሰባት ሰኞዎች ውስጥ የሃያ ሁለት ዓመት ግጥሚያዎች በዚህ መልክ ታረሙ። ሽንፈትን ሜዳ ላይ ማሸነፍ የከበደው ሰው ሁሉ ከዚህ ጉባኤ ሊማር ይገባዋል፤ ላብ የለው፣ ቁርጭምጭሚት አያወልቅ፣ እጅ ማውጣት ብቻ ነው። ሲጠቃለል ሊቀመንበሩ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ጎል አስቆጥረው ተገኙ። አራት ዋንጫዎችም ተገኙ። «ዋንጫዎቹ የታሉ ቢሉንስ?» ብሎ ከሰፊው አባል አንዱ ሲጠይቅ፣ በትሕትናችን ለበጎ አድራጎት ሰጥተናቸዋል የሚል አንድ ምዕራፍ ተጨመረ።

በመጨረሻው ሰኞ በረኛው ቆመ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ የእኔን ግማሽ ገጽ ይላኩላቸው። ይኼን ካዩ ሜዳውን ይወስዱብናል።»

«ያንተ ችግር ምን መሰለህ? የአሸናፊነት ሥነ ልቦና የለህም።»

«የለኝም። እኔ ያለኝ እሑድ ብቻ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወንበሩን ወደ መስተዋቱ መለሱት። የበረኛው ግማሽ ገጽ ከእሱ በስተቀር በሁሉም ተቃውሞ ወደቀ። አብረውት መረብ የሚሰቅሉት ሁለቱ ሰፊ አባላት እንኳ እጃቸውን አወጡ፤ ለእነሱም አሥራ አምስት አሥራ አምስት ጎል ደርሷቸው ነበርና።

መጽሐፉ በአገሩ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ በአሥራ አንድ ፊርማና በአንድ ክብ ማኅተም ታጅቦ ተላከ። በረኛው ግን አልተኛም። በምሳ እረፍቱ የሾፌር ሸሚዙን እንደለበሰ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስፖርት ክፍል ሄደ። ኃላፊዋ መጽሐፉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ እያነበበች ነበር።

«እመቤት፣ እዚያ የተጻፈው ትክክል አይደለም» አላት። «እኛ ኳስ አንችልም።»

«አንችልም?»

«አንችልም። እውነቴን ነው። ሊቀመንበራችን ከቆሙ አይንቀሳቀሱም። ተከላካያችን ያለ መነጽር ሰው አይለይም። እኔም ራሴ በግራ በኩል የመጣ ኳስ ይዤ አላውቅም።»

ሴትዮዋ በአድናቆት አየችው። «በረኛው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

ገጽ ገለጠች። «እዚህ ስለ እርስዎ ተጽፏል። ‹በረኛችን ከትሕትናው ብዛት የክለቡን ስኬት ባገኘው አጋጣሚ ሁሉ ይክዳል።›» ከዚያም ተነሥታ እጁን ጨበጠችው። «እንደ እርስዎ ያለ ታላቅ ስፖርተኛ አይቼ አላውቅም።»

ዶክትሬት ሁለት ጊዜ መጀመር ከንቱ አይደለም።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ጉባኤው በፀጉር ቤቱ ተሰየመ። ጸሐፊው ደብዳቤውን እየተረጎመ በቁሙ አነበበው።

«‹ከተማችን እንዲህ ያለ ገናና ክለብ በመካከሏ እንዳለ እስከ ዛሬ ባለማወቋ ይቅርታ ትጠይቃለች።›»

ጭብጨባ ሆነ።

«‹ባለ አራት ዋንጫ ክለብ በዚያች ጠባብ ሜዳ ላይ ሲጫወት መኖሩ እጅግ አሳፍሮናል። ሜዳዋ ለክብራችሁ እንደማትመጥን ተረድተናል።›»

ሊቀመንበሩ ብድግ አሉ። አብዛኞቹም ብድግ አሉ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ዓይኑን በፎጣ ጠረገ።

«‹ስለሆነም ከመጪው እሑድ ጀምሮ ሜዳዋ ለሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሠራተኞች ጀማሪ ቡድን ተሰጥታለች። እናንተ ደረጃችሁን የሚመጥን ስታዲየም እንደማታጡ እርግጠኞች ነን። ቁልፉን እንድትመልሱ በአክብሮት እንጠይቃለን።›»

ጭብጨባው ባለበት ኃይል ትንሽ ሄደና ከጥግ ጀምሮ እየሳሳ ጠፋ። አንድ ሰው ብቻ ሲያጨበጭብ ቀርቶ እሱም እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። በረኛው ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ተመለከቱ።

«አልገባችሁም?» አሉ ሊቀመንበሩ። ድምፃቸው እየጎላ ሄደ። «ሜዳው ለእኛ አይመጥንም! ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ? ራሳቸው ናቸው! በማኅተም!»

«በማኅተም!» አለ ጸሐፊው።

«የትኛው ክለብ ነው ሜዳ ያነሰው? ንገሩኛ!»

ማንም የሚያውቀው እንዲህ ያለ ክለብ አልነበረም። ደብዳቤው የመጽሐፉ የሁለተኛ እትም መደምደሚያ ምዕራፍ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የበረኛው ድምፅ አልተቆጠረም፤ ወጥቶ ሄዷል።

እሑድ ጧት ቁልፉን ሊያስረክብ ሜዳው ድረስ ሄደ። አንድ ድንች ላጭ፣ ሁለት ሳህን አጣቢዎች፣ ሆዳቸው የገፋ ዋና ወጥ ሠሪና ሌሎች ስድስት ሰዎች መረቡን በየት በኩል እንደሚሰቅሉት ይከራከሩ ነበር። ከሳህን አጣቢዎቹ አንዱ በረኛውን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ወንድሜ! አንተ የእኛ ሰው አይደለህ? እኔ እኮ ለክለባችሁ ሦስት ጊዜ አመልክቼ ነበር።»

«ታዲያ ምን አሉህ?»

«ክፍት የኃላፊነት ቦታ የለም አሉኝ። ኧረ እኔ መጫወት ነው የፈለግኩት ብላቸው ሳቁብኝ።»

በረኛው ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቆየ። «በረኛ አላችሁ?»

«በረኛ? የኛ ጌታ፣ ኳስም የተዋስነው ነው።»

የዚያን ቀን አምስት ለባዶ ተሸነፉ። ሦስቱ በግራ በኩል ገቡ። ቤት ሲገባ ባለቤቱ «ስንት ለስንት?» አለችው፤ «አምስት ለባዶ» አለና ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ ምሳ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሳህን በላ።

ክለቡ ይህን ሲሰማ «ለደካማ ቡድን በመሰለፍ የክለቡን ገናና ስም በማጉደፍ» ወንጀል በረኛውን በሌለበት አባረረው። የቀሩት አባላት ዛሬም ሰኞ ሰኞ በፀጉር ቤቱ ይሰበሰባሉ። ሊቀመንበሩ ለሰባተኛ ጊዜ ተመርጠዋል። የጎል ብዛታቸውም ከአራት መቶ አልፏል። ምቀኞች የፈለጉትን ይበሉ፤ አንድ ነገር ግን ሊክዱ አይችሉም፦ ክለቡ ሜዳውን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም።