ለቦርድ ቀን የጠፋብኝ ሕመም

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ስንት በመቶ ናችሁ? ጥያቄው ግራ ካጋባችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ውትድርና ሄጄ፣ ቆስዬ እስክመለስ ድረስ ሰው በመቶኛ እንደሚለካ አላውቅም ነበር። እኔ ሠላሳ ነኝ። ማለቴ ሠላሳ በመቶ ተጎጂ ነኝ። ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ አለ። ሐኪሞች ያኔ አይተው፣ ተማክረው፣ ሠላሳ ብለው ጻፉልኝ። የቀረው ሰባ ደህና ነው ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ይሄ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድ ጉልበት ከሰውነት ሠላሳ በመቶ ይሆናል እንዴ? ሲያመኝ ደግሞ የሚያመኝ ሁለመናዬን ነው። እንቅልፌን ይወስደዋል፣ እህል ያስጠላኛል፣ ከሰው ያጣላኛል። ባለቤቴ አንጓች ግን ሒሳቡ ገብቷታል። አጥሩን ጠግን ብላኝ ዝም ካልኳት፣ ዛሬ ያልሰማኝ ሠላሳው ነው ወይስ ሰባው ትለኛለች።

ጓደኛዬ አሥር አለቃ አለኸኝ ደግሞ አምሳ ነው። አብረን ተሰልፈን፣ አብረን ቆስለን፣ አሁንም እዚሁ የጁቤ አጠገብ ጎረቤታሞች ነን። በገበያ ቀን ከእኔ ኋላ ይነሣል፣ ቀድሞኝ ይደርሳል፣ ሸጦና ጠላውን ጠጥቶ ሲመለስ እኔን ገና ስሄድ መንገድ ላይ ያገኘኛል። እንዴት አንተ አምሳ፣ እኔ ሠላሳ እንሆናለን ብዬ ጠይቄው ነበር። ቦርዱ ፊት ስቀርብ ወኔዬን ቤት ትቼ ነው የሄድኩት፣ አንተ ይዘኸው ገባህ አለኝ። ቦርድ የምንለው ተሰብስበው የጉዳታችንን መጠን የሚወስኑትን ሐኪሞች ነው። እውነቱን ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ሐኪሞቹ ሲያዩኝ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ምንም አይለኝም ጌታዬ እያልኩ ነበር።

ይሁን ብዬ ብዙ ዓመት ኖርኩ። አምና በዘር ወቅት ግን ከበሬዎቹ ኋላ እየሄድኩ ሳለ ጉልበቴ ቆለፈ። ትልሙ ውስጥ በግንባሬ ተደፋሁ። በሬዎቹ ሞፈሩን እየጎተቱ ቀጠሉ። አንጓች ከማሳው ዳር ሆና ታየኝ ነበር፣ ሮጣ መጣች። መጀመሪያ በሬዎቹን አቆመች፣ ቀጥላ እኔን አነሣች። ቅደም ተከተሉ እስካሁን ይከነክነኛል።

ከዚያ በኋላ ተመካከርን። እንደማላርስ ሁለታችንም ገብቶናል። ወይ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተን ግማሹን እህል እናጣለን፣ ወይ የጉዳቴ መጠን ከፍ ብሎ፣ ጡረታዬም ከፍ ብሎልን አራሽ እንቀጥራለን። መሬቱ የአባቴ ነው። እሱም ትንሽ ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ ለማንም አይበቃም። የእሱን ጤፍ በሌላ ሰው አውድማ ከማይ ሌላውን ጉልበቴንም ቢወስዱት ይሻለኛል። ስለዚህ ሕመሜ ብሶብኛል፣ እንደገና ልታይ ብዬ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ።

የጡረታ ቢሮው ሆስፒታል ሂድ አለኝ። ሆስፒታሉ ከቢሮው ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ቢሮው ደብዳቤ የምንጽፈው ሆስፒታሉ ሲጠይቀን ነው አለኝ። ማን ማንን መጠየቅ እንዳለበት ሦስታችንም እስክንረዳ ድረስ የተጠቀሙት ባጃጆቹ ብቻ ናቸው። ብቻ በስተመጨረሻ ቀጠሮ ተያዘልኝ።

ይሄኔ አለኸኝ ትምህርት ቤት ከፈተልኝ። እሱ ሐኪም ሆነ፣ እኔ በሽተኛ። ጢምህን አትላጭ አለኝ። አዲሱን ጋቢ አትልበስ። ምርኩዝ ያዝ። ተቀመጥ ሲሉህ ቶሎ አትቀመጥ፣ ተነሥ ሲሉህ ቶሎ አትነሣ። ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ መጨረሻ ላይ መጣ። እንዴት ነህ ሲሉህ እግዚአብሔር ይመስገን እንዳትል አለኝ። ምን ልበል ታዲያ አልኩት። አሞኛል በል አለኝ። ሰው ገና ሰላም ሲለኝ? አዎ፣ ገና ሰላም ሲልህ።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። በእኛ አገር እንዴት አደርክ የተባለ ሰው ቤቱ ተቃጥሎም ቢሆን መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ቃጠሎው ቀጥሎ ይነገራል። አጎቴ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ፣ ጠያቂ በገባ ቁጥር ተመስገን፣ ዛሬስ ደህና ነኝ ይል ነበር። ደህና ነኝ እንዳለ ሞተ። ለቅሶው ላይ አንድ ጠያቂ፣ ትናንት በአፉ ደህና ነኝ ብሎኛል እኮ እያለ ሟቹን ሊወቅስ ምንም አልቀረው። እኔ የእሱ የወንድም ልጅ ነኝ። አለኸኝ እንዴት ነህ ይለኛል፣ እኔ ተመስገን እለዋለሁ። እንደገና እንዴት ነህ ይለኛል፣ እንደገና ተመስገን እለዋለሁ። ተስፋ ቆርጦ ቢያንስ ፊትህን አጨማደህ ተመስገን በል አለኝ።

እኔ ይሄን ስማር አንጓች በበኩሏ ሥራዋን ጀምራለች። ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ተስላለች። እሳቸው ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው የተቆረጠ ጻድቅ ናቸው፣ የእግር ነገር ከእሳቸው ወዲያ ማን ያውቃል ብላ ነው። ባሌ ሐኪሞቹ ፊት ሲቀርብ እግሩን አደራ፣ ለደጅህ ጃንጥላ አገባለሁ ብላለች። በዚያ ላይ ጸበል ካልገባህ ብላ ያዘችኝ። ቀጠሮው እስኪደርስ በየማለዳው ያን በረዶ የመሰለ ውኃ ጉልበቴ ላይ አስፈሰሰችው። እኔ ሕመሜ እንዲታይልኝ እሮጣለሁ፣ እሷ ሕመሜ እንዲጠፋልኝ ትጸልያለች። ሁለታችንም ግን የምንለፋው ለአንድ ቀጠሮ ነው። ነገሩ እንደማይገጥም ያኔ ለምን አልታየንም? እኔ እንጃ። የታመመ ሰው ጸበል ይገባል። ጉዳይ ያለበት ሰው ይሳላል። ሌላ የምናውቀው የለም።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ከአልጋዬ ስወርድ ጉልበቴ ዝም አለ። ወትሮ እንደ አሮጌ በር ይጮኽ የነበረ ጉልበት ነው። ደነገጥኩ። ተቀመጥኩና እንደገና ተነሣሁ። ዝም። ጓሮ ዞሬ ዐቀበቱን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ዝም። ሰው በጠዋት ተነሥቶ ሕመሙን ሲፈልግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንጓች ከበር ሆና ምን ጠፋብህ አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ምንም አልኳት።

ማርቆስ መናኸሪያ ስወርድ ባጃጅ ትቼ በእግሬ ልሂድ አልኩ። ትንሽ ስደክም ይመለስ ይሆናል ብዬ ነው። በተራመድኩ ቁጥር ጭራሽ እየተፍታታ መጣ። ሆስፒታሉ በር ስደርስ ምርኩዜን ብብቴ ሥር ይዤ እንደ ምልምል ወታደር እረግጥ ነበር። ጥበቃው ማንን ልትጠይቅ ነው አለኝ። ሆድ ባሰኝ።

ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። አንዷ ወጣት ናት፣ የልጄ እኩያ። ስገባ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ።

«አባቴ፣ እንዴት ነዎት?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት።

አለኸኝ ቢሰማኝ ራሱን ይስት ነበር። እኔ ግን ምን ላድርግ፣ እንዲያ ተነሥታ በአክብሮት ሰላም ላለች ልጅ እንዴት አሞኛል ይባላል? አልጋው ላይ አስተኝታ ጉልበቴን አጠፈችው። ታጠፈ። ዘረጋችው። ተዘረጋ። ያመዎታል ስትለኝ በየዕለቱ ያመኛል፣ ዛሬ ብቻ ነው የተወኝ አልኳት። ትልቁ ሐኪም የራጁን ፎቶ ብርሃን ላይ አድርገው አዩት። ብረቱ እዚያው ነው። ግራ ገባቸው። ዛሬ የተለየ መድኃኒት ወስደው ይሆን ብለው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ጸበል ገብቼ ነው ካልኩ ድኛለሁ ማለቴ ነው፣ መሬቱ ሄደ። ምንም አላደረግሁም ካልኩ ያን ሁሉ ማለዳ የወረደልኝን ምሕረት መካዴ ነው። አባቴ መሬት ብቻ አይደለም ያወረሰኝ። ሐኪሞቹ ይጠብቃሉ። አንጓች በዚያ ቁር ነጠላዋን ለብሳ ከጸበሉ ዳር ስትንቀጠቀጥልኝ ታየችኝ።

«ጸበል ተጠምቄ ነው» አልኩ።

ትልቁ ሐኪም እንኳን ማረዎት አሉኝ፣ ከልባቸው። ከዚያ ተነጋገሩና ሃያ ብለው ወሰኑ። ከሠላሳ ወደ አርባ ልወጣ ሄጄ ወደ ሃያ ወረድኩ። ብረቱ እኮ ከነነፍሱ እዚያው አለ ብዬ ተከራከርኩ። ሐኪሙ ረጋ ብለው አስረዱኝ። እኛ የምናየው ብረቱ ምን እንደከለከለዎት ነው፣ ዛሬ ምንም አልከለከለዎትም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም እውነቴን ነው። ሁለታችንም እውነታችንን ከሆነ የተሳሳተው ማነው?

ቤት ስደርስ አንጓች አረማመዴን ከሩቅ አይታ እልልታዋን አቀለጠችው። ሃያ ስላት እልልታው አፏ ላይ ቀረ። ስለቱ ሰምሯል ወይስ አልሰመረም ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ ዘንድ ሄድን። ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው አሏት። ነገረቻቸው። እግሩን አደራ ካልሽ እግሩ ይኸውና፣ ስለትሽ ሰምሯል፣ ጃንጥላውን አግቢ አሏት። ስለ መሬቱ ግን ምንም አልተሳለችም ነበር። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠነው። የአባቴን ማሳ ሌላ ሰው ሲያርሰው ቆሜ አየሁ፣ አለቀስኩም። አለኸኝ ሊያጽናናኝ መጥቶ ነበር፣ ግን ተመስገን ብለሃል አይደል እያለ ይስቅ ጀመር። አስወጣሁት።

በተክለ ሃይማኖት ዕለት ጃንጥላውን ይዘን ሄድን። ቄስ ሞላ የእኔን ነገር ለምእመኑ ተናገሩ። በጦርነት የቆሰለ፣ ዓመታት የተሠቃየ፣ ሐኪሞች ራሳቸው መዳኑን ያረጋገጡለት አሉ። እልልታ ሆነ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ምድር ልሳለም ተንበረከክሁ። ሕዝቡም ከኋላዬ ተንበረከከ። ልነሣ ስል ቀኝ ጉልበቴ ቆለፈ።

ሞከርሁ። የለም። ሕዝቡ ጸሎት ላይ ያለሁ መሰለው፤ የዳነው ሰው ሳይነሣ እኛ እንዴት እንነሣ ብሎ ከኋላዬ እንደተንበረከከ ቀረ። አንዳንድ ሴቶች በመንፈሴ ጥንካሬ ያለቅሳሉ። ቄስ ሞላ ጎንበስ ብለው ልጄ፣ ይበቃል፣ ሽማግሌዎቹ ደከሙ አሉኝ። አባ፣ ጉልበቴ እንቢ አለኝ አልኳቸው። ወደ ሕዝቡ አዩ፣ ወደ ጃንጥላው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። እሳቸውም እንደ ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው።

አንጓች ከሴቶች መሐል ወጥታ መጣች። አጠገቤ ተንበረከከች፣ እጄን ትከሻዋ ላይ አደረገችና አብራኝ እንደምትጸልይ ሆና ቀስ ብላ አነሣችኝ። ዘንድሮ ከበሬዎቹ በፊት እኔን ነው ያነሣችው፤ ለነገሩ በሬ አልነበረም። ሕዝቡ እፎይ ብሎ ተነሣ። እስከ ውጪው በር በእሷ ትከሻ ተደግፌ፣ ሳላነክስ ወጣሁ። አሁን እኮ ማነከስ አልችልም፤ ጻድቁን ማሳጣት ይሆናል። ወደ ቤት ስንሄድ ሰው እያለ ቀጥ እላለሁ፣ ሰው ሲጠፋ አነክሳለሁ።

አንጓች መንገዱ መሐል ላይ ድንገት ቆመች።

«ከእንግዲህ ለአንተ ጉልበት አልሳልም» አለችኝ፤ «የምሳለው ለሐኪሞቹ ዓይን ነው።»

ክፉ ሐሳብ አይደለም። እንደገና ለማመልከት ጊዜው እስኪደርስ ታገሥ ተብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የሐኪሞቹ ዓይን ከበራ፣ ጃንጥላውን የምናገባው እኛ ነን ወይስ እነሱ?