ለቅሶ ቤት የተኛችው ነርስ

ለቅሶ ቤት ሰው ሲተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሽማግሌ ሲያንቀላፋ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ቤቱም ያንቀላፋል። አፏን ከፍታ፣ ራሷን የሰው ትከሻ ላይ ጥላ ስለተኛች ነርስ ነው የማወራችሁ። ለዚያውም በልጄ ለቅሶ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ቦታው ንፋስ መውጫ። የመጀመሪያ ልጄን፣ ትርንጎን፣ የሳንባ ምች ያዛትና ጤና ጣቢያ አስተኛኋት። የጸናባቸው በሽተኞች በሚተኙበት ክፍል ያለችው ነርስ አንዲት ናት፤ ሲስተር አስካለ። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ወልዳ አራስ ናት። እኔን ቀበሌው ለስብሰባ ጠራኝ። አልሄድም ይባላል እንዴ? ስመለስ ልጄ ተሸፍናለች። አስካለ ሌላ በሽተኛ ላይ ጎንበስ ብላ መርፌ ትወጋለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ልጄ ብቻዋን ነው የሞተችው? ጎረቤት መልሱን ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው አይደል የሚባለው? ልቧ ድንጋይ ነው አሉ። ሰው ሲሞት «ቀጥሎ ማን ነው?» ነው የምትለው አሉ።

በሣልስቱ አስካለ ራሷ መጣች። ዛሬ እጠይቃታለሁ አልሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ገና ሳልጠጋት ተኛች። ዳሱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሙሾ አውራጇ እንኳ ግጥሟን አቋረጠች።

ልቀሰቅሳት ተነሣሁ። ትከሻቸውን ያዋሷት ጎረቤታችን እማሆይ ወለቱ ናቸው። በመቋሚያቸው ጉልበቴን ገፋ አደረጉኝ።

«ተቀመጥ አንተ።»

«ለቅሶ እኮ ነው፣ እማሆይ።»

«አውቃለሁ። የደከመው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

ስትነቃ ደነገጠች። ነጠላዋን ሰብስባ ስትወጣ ተከተልኋትና ጠየቅኋት።

«እጄ ላይ ነው ያለፈችው» አለችኝ። «አቅፌያት ቆሜ ነበር። ወንበር የለማ።»

ክው አልሁ። ወንበሩስ? ለቀበሌ ስብሰባ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። ጓድ ሊቀ መንበር ቆመው ንግግር አይሆንላቸውም። እሷ ግን ቀንም ሌሊትም ቆማ ነው፤ የሚተካት የለም። ሰው ሲሞት እኛ ዳስ እንጥላለን፤ እሷ አንሶላ ትቀይራለች። ያጽናሽ ያላት ማን አለ? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንላለን። መድኃኒቱን ራሱን ምን እንደሚያመው ግን ጠይቀን አናውቅም።

ዳሱ ሲፈርስ የዕድሩን ሰዎች አስፈቀድሁና አንዱን አግዳሚ ተሸክሜ ወሰድሁላት። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሰዎች ይህንንም ለስብሰባ ሊያነሡት መጡ አሉ። «የለቅሶ ነው» አለቻቸው። እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። የለቅሶ አግዳሚ ያለ ለቅሶ ያስገባ ቤት ለቅሶ ይጠራል። ይህን ካድሬም ከእናቱ ሰምቷል።

ሰንብቼ ደስ እያለኝ ላያት ሄድሁ። አግዳሚው ሙሉ ነው፤ አስታማሚዎች ተኮልኩለውበታል፣ ጫፉ ላይ አልጋ ያጣ በሽተኛ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አስካለ ቆማለች።

«አንቺስ መቼ ልትቀመጪ ነው?» አልኋት።

«ለቅሶ ሲኖር» አለችና ወደ በሽተኛዋ ዞረች።

ስወጣ እግዜር እረፍት ይስጥሽ ልላት አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁት። በማን ቤት ለቅሶ እረፊ ልበላት?