ግማሽ ክርስቲያኑ ሾፌር

የልጅ ልጄ ሬዲዮ ሲሰማ ቆየና፣ «አባባ፣ ክርስትና ከፈረንጅ አገር እየሸሸ ነው አሉ። እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው አጥቷል፤ አሁን ክርስቲያን የበዛው አፍሪካ ውስጥ ነው» አለኝ። እንዲገርመኝ ጠብቆ ነበር። ምን ይገርመኛል? ፈረንጅ በክርስትናው ግማሽ መሆኑን እኛ የቡሬ ዙሪያ ሰዎች ገና በጣልያን ጊዜ ፈርደን ጨርሰናል። ያውም በኔ ቤት።

እንዴት ሆኖ አትሉኝም? ሐምሌ ሚካኤል ነው። የጽዋ ማኅበሩ ተረኛ ደግሞ እኔ። ያገባሁት በዚያው ዓመት ስለሆነ፣ ጠላው ቀጠነ እንዳልባል ብዬ ሚስቴን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቻታለሁ። ጭንቀቴ ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። የሚስቴ ወንድም ቢያድግልኝ አርበኛ ነው። ማኅበርማ አያመልጠኝም ብሎ ከጫካ ወርዶ፣ ምንሽሩን ከመደቡ ቁርበት ስር ሸጉጦ ጉብ ብሏል። ተው ብትሉት አይሰማ፤ ሂድ ብትሉት አይሄድ።

መምሬ ጥሩነህ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ሊቆርሱ ሲሉ ውሻው ጮኸ። ብቅ ብል ጭቃ የለበሰ ጣልያን ደጄ ቆሟል። ሾፌር ነው፤ ካርሎ እባላለሁ አለ። ከፍኖተ ሰላም ሲመጣ ከአጀቡ ተነጥሎ፣ መኪናው እታች ረግረጉ ላይ ተውጣበታለች። ዕቃ ከሚጭኑለት ሰዎች በለቃቀማት አማርኛ «የእግዜር እንግዳ» አለኝ። ይህችን ማን እንዳስተማረው እንጃ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከማኅበር ደጅ አይመለስም። አስገባሁት።

የቢያድግልኝ እጅ ወደ ቁርበቱ ሄደ። ክርስቲያን ከሆነ እንግዳችን ነው፣ አልነካውም፤ ካልሆነ ግን ጠላት በገዛ እግሩ መጥቷል አለ። ፍርዱንም ለመምሬ ሰጠ። እስቲ አስቡት። ሰውዬው እኔ ቤት ከተገደለ ነገ ቡሬ የሰፈረው የጣልያን ጦር መንደሩ ላይ እሳት ይለቃል። መጀመሪያ የምትነደው ደግሞ ገና ክዳኗ ያልጠቆረ ጎጆዬ ናት።

ምርመራው ተጀመረ። ማተብ የለውም። አንገቱ ላይ ያለችውን ሰንሰለት ቢያሳይ፣ «ሰንሰለትማ በቅሎዬም አላት» አለ ቢያድግልኝ። መምሬ ደግሞ፣ ለመሆኑ ከባሕር ማዶ ክርስቲያን አለ ወይ ብለው ጠየቁ። መቼም ያን ጊዜ የኛ ቆጠራ አጭር ነበር፤ ጎጃም፣ ጎንደር፣ አቡን የሚመጣበት ግብጽ፣ ኢየሩሳሌም። ሸዋን እንኳ ለይሉኝታ ነበር የምንጨምረው። ካርሎ ጣቱን እያጠፈ ይዘረዝር ጀመር። ሮማ አለ፣ ፈረንሳይ አለ፣ ብራዚል የሚባል አገር አለ። እኛ እንደ አሸዋ ነን፣ ተቆጥረን አናልቅም አለ። ምነው ዝም ባለ።

«ይህን ያህል ከበዛችሁማ» አለ ቢያድግልኝ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ቢጎድል ማን ያውቃል?»

ያዳኑን ሼህ እንድሪስ ናቸው። የቡሬ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ጎረቤት ስለሆኑ በየማኅበሩ ይጠራሉ፣ ቆሎና ብርዝ ይቀርብላቸዋል። ጥግ ይዘው ቆሎአቸውን ሲቆረጥሙ ቆይተው፣ እኔ ልመስክር አሉ። «ይህ ሰው የኛ አይደለም። ለሶላት አይቆምም፤ አሳማም ይበላል። የኛ ካልሆነ የናንተ ነው። በሉ ውሰዱት፣ ወደኔ አትግፉት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መምሬ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አንዲት ጥያቄ ጨመሩ። ትጾማለህ ወይ? ዓርብ ሥጋ አልበላም አለ። ረቡዕስ? ረቡዕማ እበላለሁ አለ ሞኙ። አይዋሽ ነገር! መምሬ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ፈረዱ፤ «ግማሽ ክርስቲያን ነው። ግማሽ ዋንጫ ይቀዳለት። ረቡዕን ሲጾም ይሞላለታል።»

ቀዳሁለት። ጨልጦ ዋንጫውን መልሶ ዘረጋና፣ ረቡዕንም እጾማለሁ ብሎ ማለ። ለጠላው ብሎ ነው እንጂ ምን ጾም ናፍቆት። እኛም ወጥተን እየጨፈርን መኪናውን ከጭቃ ገፋንለት። እንዲህ ዓይነት ደስታ እኔ ሠርጌ ላይም አላየሁ። ቢያድግልኝ ብቻ ፊቱ አልተፈታም። የመምሬ ፍርድ በረቡዕ ይታያል፤ ጾም ሲገድፍ ካገኘሁት ግን አበቃለት አለ።

ረቡዕ ደረሰ። ቢያድግልኝ ምስክር ሁነኝ ብሎ እኔንም ጎትቶ የቡሬ መንገድ ላይ አደፈጠ። የምጸልየው ለካርሎ ይሁን ለጎጆዬ አላውቅም። መኪናዋ እንደ ልማዷ ከአጀቡ ወደኋላ ቀርታ እያቃሰተች መጣች። ቢያድግልኝ ምንሽሩን ደግኖ መንገዱ መሐል ቆመና፣ «ስንቅህን አውጣ» አለው።

ካርሎ አንዲት ጨርቅ ፈታ። ደረቅ ዳቦና የሽምብራ ቆሎ። ደስ ብሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ቢያድግልኝ ዳቦውን ገለበጠ፣ አሸተተ፣ ከወንበሩ ስር ሳይቀር ፈተሸ። የሥጋ ዘር የለም።

ካርሎ ግን የቢያድግልኝን አፍ ነበር የሚያየው። የጫካ ሰው ስንቁ ቋንጣ ነው፤ አማቼ ከጠዋት ጀምሮ ልብ ሳይል አንዷን ቋንጣ ሲያላምጥ ነበር፣ ጫፏም በከንፈሩ ብቅ ብላለች። ካርሎ ጣቱን ወደሷ ቀሰረና በሹክሹክታ «ረቡዕ» አለ።

ቢያድግልኝ ማኘኩን አቆመ። ምንሽሩ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። ካርሎም ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀና ከሽምብራው እፍኝ ዘግኖ ሰጠው።

«ግማሽ ነህ» አለው፣ «አይዞህ፣ ይሞላልሃል።»