ለጀርም ደሙን የቀለበው ታሂር

በየጤና ጣቢያው፣ የእንግዳን ስም መጠየቅ ቢረሳም የጀርም ስም ሳይጠይቅ የማያድር አንድ ሰው አይጠፋም። በቆቦው መጠለያ ክሊኒክ ይህ ሰው ክቡር ታሂር ነበር፤ የላቦራቶሪው ሹም፣ ብቸኛ ሠራተኛና ብቸኛ አድናቂ። ማይክሮስኮፑ ላይ ባጎነበሰ ቁጥር፣ በሩ እንደተንኳኳበት ሰው «ማን ልበል?» ይላል።

ነርሷ አስረሳሽ በዚህ ነገሩ ትበግናለች። ዘመኑ ስልሳ ስድስት ነው፤ ከዋጃም ከሮቢትም የመጣው ረሃብተኛ ግቢውን ሞልቶታል። እሱ ስም ይጠይቃል!

«ጋሽ ታሂር፣ መርፌውን ልውጋና ስሙን ኋላ ይንገሩኝ።»

«ስሙን የማታውቂው ጠላት ይስቅብሻል፣ አስረሳሽ።»

አንድ ቀን ከመጠለያው ረሃብተኞች አንዷ፣ አሚና፣ ልጇን ራቢዓን ይዛ መጣች። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ ትስላለች፤ አፍንጫዋ በወፍራም መግል ተደፍኖ ፊቷ አብጧል። ፔኒሲሊኑ ምንም አልፈየደላትም።

«ስስማት ጨው ጨው ትለኛለች፣ ወላሂ» አለች አሚና እያፈረች።

ታሂር ቀና አለ። ቆዳቸው ጨው ጨው የሚል ልጆች አብሯቸው የሚወለድ በሽታ እንዳለባቸው፣ ሳንባቸውም የአፍንጫቸው ጓዳም በአስቸጋሪ ጀርም እንደሚያዝ አንብቦ ነበር። መግሉን በጥጥ ወሰደና «ማን ልበል?» አለው።

ጀርም ግን እንዲታወቅ ማደግ፣ ለማደግም መብላት አለበት። ቀለቡ የበግ ደም ነው። በዚያ ዓመት በራያ በግ ከየት ይምጣ?

«ሰው በሚራብበት አገር ጀርም ሊቀልቡ!» አለች አስረሳሽ።

ታሂር እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ዘረጋላት። «ቅጂ። የኔን ይብላ።»

ራሽኑን ለእነአሚና ሲያካፍል ከስቶ ነበርና አስረሳሽ ደም ሥሩን ሦስት ጊዜ ፈለገችው።

በሁለተኛው ቀን ደሙና መግሉ የተቀባበት ሳህን ላይ አረንጓዴ ነገር በቀለ፤ የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታም ነበረው። ታሂር ልጁን እንደዳረ አባት እየተንጎራደደ «ሱዶሞናስ! ፔኒሲሊንን የሚንቀው እሱ ነው» አለ። ስሙ ተጽፎ በአውቶቡስ ደሴ ሄደ፤ መድኃኒቱም መጣ። በሽታው ከነሥሩ እንደማይነቀል ታሂር ለአሚና አልደበቃትም። ቢሆንም በሳምንቱ ራቢዓ በአፍንጫዋ ተነፈሰች።

«እማ፣ ቂጣ ሸተተኝ» አለች።

ታሂር በወሩ በተስቦ አረፈ። የሱን በሽታ ስም አስረሳሽ ያለ ማይክሮስኮፕ ታውቀው ነበር፤ ማወቋ ግን አላተረፈውም።

ይናፍቃታል። ያ የሚያበግናት ሰውዬ እንደ እናት ልጅ ይናፍቃታል። ዛሬ በሽተኛ መጥቶ የላቦራቶሪውን በር ሲያንኳኳ ሰው የለም አትለውም። አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከውስጥ «ማን ልበል?» የሚል ድምፅ የሚመጣ ይመስል።