ፕሬዚዳንቶቹ የወደቁበት ፈተና

መምህርት ውብርስት በሕልም አታምንም። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ያየችውን ግን ላገኘችው ሰው ሁሉ ሳትነግር አታልፍም።

ኮተቤ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። ለወላጆች ቀን፣ ተማሪዎቿ የአሜሪካን ፕሬዚዳንቶች ሕይወትና ንግግር ከጥንት እስከ ዛሬ በመድረክ እንዲያቀርቡ ታዝዛ፣ ሰሞኑን ስለ ፕሬዚዳንት ስታነብ፣ ስትተረጉም፣ ስታስጠና ከርማለች። ጭንቅላቷ ሞልቶ ሊፈስ ደርሶ ነበር። እና ያን ቀን ምሳዋን በልታ፣ በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ክንዷን ተንተርሳ ዓይኗን ከደን እንዳደረገች ደወል ተደወለ።

የተደወለው በሕልሟ ነው።

ክፍል ስትገባ ዴስኮቹ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡት ልጆች አልነበሩም። ፕሬዚዳንቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ገሚሱ ነጭ ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍቷል፤ ገሚሱ ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፤ ሁሉም ግን አጭር ሱሪና ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው፣ ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ተጨናንቀዋል። ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«እንደምን ዋልሽ ቲቸር!»

«ክቡራን ፕሬዚዳንቶች...» ብላ ልትጀምር ስትል በሩ አጠገብ የቆመች አህያ ጉሮሮዋን ጠረገች። አንገቷ ላይ «ፈታኝ» የሚል ባጅ አንጠልጥላለች።

«እዚህ ክቡር የሚባለው ተራው ሰው ነው። እነዚህን አንተ እያልሽ ጥሪያቸው፤ አለዚያ ይባልጋሉ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ከወዲያኛው ጥግ የቆመ ዝሆን። እሱም ፈታኝ ነው። ምልክት እንደሆኑላቸው ሁለት የአሜሪካ ፓርቲዎች፣ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነበር። ወዲያው አህያዋ መስኮቱ ይከፈት አለች፤ ዝሆኑ ይዘጋ አለ፤ ክርክራቸውን ያዙ።

ሰሌዳው ላይ «የተራ ሰዎች ሕይወትና ንግግር ከጥንት እስከ ዛሬ» ተብሎ ተጽፏል። ውብርስት እንዳልደነገጠች ሆና ጠየቀች።

«የታክሲ ረዳቱ ጉልላት መገናኛ ላይ ያደረገውን ታላቅ ንግግር የሚነግረኝ?»

«ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!»

ድሮ ጄኔራል የነበረ አንድ ፕሬዚዳንት ሜዳሊያውን እያንቃጨለ ተነሣ። ደረቱን ነፋ። «ጠጋ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው አለ!»

ከኋላ አንዱ እንባውን በክራቫቱ ጠረገ።

«የንግግሩ ፍሬ ነገርስ?»

«አንድ ሰው ደጅ ከሚቀር፣ ሌላው በግማሽ ቂጡ ይቀመጥ ነው ቲቸር።»

«እንዲህ ያለ ንግግር እንዲጽፉልኝ ስንት ምሁር ቀጥሬ ነበር እኮ» አለ አጠገቡ ያለው፣ በቁጭት።

ከዚያ ክፍሉ እንዴት እንደሆነ ሳታውቅ ሜዳ ሆነ። የፈተና ሰዓት ነበር። ፕሬዚዳንቶቹ ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው ሆብሰን የሚባል፣ ከመጻሕፍቷ በአንዱም ያላየችው ሽማግሌ ፕሬዚዳንት ሹልክ ብሎ መጣና አጠገቧ ቆመ።

«ቲቸር፣ በእናትሽ አሳልፊኝ።»

«ብታልፍ ምን ታገኛለህ?»

«እወርዳለኋ! ያለፈ ቤቱ ይገባል፣ ሰው ይሆናል። ሚስቴ ገበያ ስትሄድ ዘንቢሏን እይዝላታለሁ።»

«የወደቀስ?»

«ሌላ አራት ዓመት ይደግማል። እኔ አንዴ ወድቄያለሁ።»

«ሁለቴ የወደቀስ?»

ሆብሰን አንገቱን ደፋ። «ይባረራል። ንባብ እንዲለማመድ ተብሎም በስሙ ቤተ መጻሕፍት ይሠራበታል። አገር እያየ! ከዚህ የበለጠ ውርደት አለ?»

አንጀቷን በላው።

ፈተናው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ቢጫ ጄሪካን የያዘች ሴት ፊታቸው ቆማ «ውኃ ለምን ጠፋ?» ትላለች። «አላውቅም» ያለ ያልፋል፤ ሌላ የተናገረ ይወድቃል። የመጀመሪያው «ውኃ ሕይወት ነው» ብሎ ጀምሮ ጀንበሯ ቦታ እስክትቀይር አላቆመም። ሁለተኛው ባዶውን ጄሪካን ሪባን አስሮበት መረቀው። ሦስተኛው የሚስመው ሕፃን ፈልጎ ቢያጣ ዝሆኑን ሳመ። ሁሉም ወደቁ።

የሆብሰን ተራ ደረሰ። ውብርስት ጠጋ ብላ በጆሮው «አላውቅም በል፤ ሌላ አትጨምር» አለችው። ሴትዮዋ ጠየቀች። የሆብሰን ግንባር በላብ ራሰ።

«አላ...» አለ።

«በርታ!»

«አላ... አላ... ዓላማችን ብሩህ ነው! የተወደዳችሁ ያገሬ ልጆች ሆይ...»

አፉን በሁለት እጁ ያዘው፤ ንግግሩ በአፍንጫው ወጣ። አፍንጫውን ሲይዝ በአፉ መጣ። እንባው እየወረደ ግድብ፣ ቧንቧ፣ በየደጁ ፏፏቴ ቃል ገባ። ሴትዮዋ ጄሪካኗ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ውብርስት ወደ ፈታኞቹ ሮጠች። «እባካችሁ፣ አንድ ነጥብ ጨምሩለት!»

«መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ» አለች አህያዋ።

«ከተዘጋ በኋላ» አለ ዝሆኑ።

ሜዳ ላይ ናቸው፤ መስኮት የሚባል ነገር የለም።

ሆብሰን መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቀና ብሎ አያት። «ቲቸር፣ እናንተ አገር የወደቀ ስንቴ ይደግማል?»

«እኛ አገር?» አለች፤ ግራና ቀኝ ተመለከተች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም «እኛ አገር... እስኪገባው ድረስ ነው» አለችው።

የወደቁት ሁሉ ብድግ አሉ።

«እስኪገባው ድረስ! ምን ዓይነት ታጋሽ ሕዝብ ነው!»

«ቤተ መጻሕፍቱስ?» አለ ሆብሰን።

«እሱ የሚሠራው የወረደ ሲገኝ አይደል» አለች።

ይህን ስትል ራሷን ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ አገኘችው። ፕሬዚዳንቶቹ ፎቶግራፍና የባንክ ደብተራቸውን በፕላስቲክ ይዘው፣ በፀሐይ ተሰልፈው የኢትዮጵያ ቪዛ ይጠባበቃሉ። ከፊት የቆመው ሆብሰን ነው። ልትረዳው ፈልጋ አፏን ብትከፍት የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ተመልሰህ ለመሄድህ ምን ማስረጃ አለህ? ቤት አለህ?»

«ነበረኝ። ነጭ ነበር። የመንግሥት ነው ብለው አስለቀቁኝ።»

«አዝናለሁ፤ አልተፈቀደልህም» አለችና እጇ እሷን ሳያማክር ማኅተሙን መታው። ሆብሰን በመስታወቱ ቀዳዳ እጁን ሰዶ እጅጌዋን ጨምድዶ ያዘ፤ «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ይጎትታት ጀመር።

ነቃች። እጅጌዋን የያዘው ርዕሰ መምህሩ አቶ ልሳነወርቅ ነበር።

«መምህርት፣ ኧረ ተነሺ! ልምምዱ ሊቋረጥ ነው፤ ጉድ ፈልቷል።»

«ምን ሆኑ ጋሼ? ልጆቹ ቀሩ እንዴ?»

«ማን ይቀራል! ፕሬዚዳንቶቹማ ሞልተዋል። ከአፀደ ሕፃናት ሳይቀር ተጨምረዋል፤ ሁሉም ወላጅ ልጄ ፕሬዚዳንት ካልሆነ ብሎ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ሕዝብ ነዋ!» አለ አቶ ልሳነወርቅ ላቡን እየጠረገ። «ሕዝብ የሚሆን አንድ ልጅ ጠፋ። አንዷ እናትማ ‹እኔ ይህን ሁሉ የምከፍለው ልጄ ሕዝብ እንድትሆን ነው እንዴ!› ብላ በስልክ ጮኸችብኝ።»

እየጎተተ አዳራሽ አስገባትና መሐል ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አኖረ። «በይ ለጊዜው አንቺ ሁኚልን።»

«ብቻዬን?»

«ምን ችግር አለው? ማጨብጨብ ነው።»

ተቀመጠች። ክራቫቱ ጉልበቱ ላይ የደረሰ፣ የጥጥ ጺም የለጠፈ አንድ ትንሽዬ ፕሬዚዳንት ወደ መድረኩ ወጣ። «ውድ ሕዝቤ ሆይ» አለና ሕዝቡን በዓይኑ ፈለገ። ባዶዎቹን ወንበሮች ሁሉ ካየ በኋላ መሐል ላይ አገኛት።

«ቲቸር፣ አጨብጭቢ እንጂ!»

ውብርስት አጨበጨበች። ከልጁ ኋላ ተራ የያዙት ፕሬዚዳንቶች ከአዳራሹ በር አልፈው ግቢውን ዞረዋል፤ ሁሉም በእጃቸው ንግግር ይዘዋል።